የመርከብ ጉዞ የተሰረዘ እንደሆነ የነጋዴው መብትና ተግባር፤ የትክክለኛ ኪራይም አመዛዘን

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው የሚነግድ ሰው የባሕር ነገር እርሱን እንደማይነካው ቢያስብ አይፈረድበትም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ አዲስ አበባ ያለው የጅማ መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድም ብቻውን 752 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ምክንያት በአሰብ ወደብ መጠቀማችን ከቀረ ወዲህ የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ በር የሚያልፍ ስለሆነ፣ በዚያ ወደብ የሚጠበቅ አንድ መርከብ ሳይመጣ በቀረ ጊዜ ወሬው ወደ ቴፒ ገበያ ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ላኪው ሰነዱን ለባንክ ካላቀረበ ገንዘቡ አይገባለትም፤ ገንዘቡ ካልገባለት ለአቅራቢው አይከፍልም፤ አቅራቢውም እሸት ቡናና ጀንፈል በዱቤ ለሰጠው ገበሬ ቀኑን ይገፋበታል። በመጨረሻ የመርከቡን መቅረት ዕዳ የሚሸከመው መርከብ አይቶ የማያውቅ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን በተራ እንመለከታለን። አንደኛው፣ የመርከብ ጉዞ በተሰረዘ ጊዜ ነጋዴው ምን መብት እንዳለውና ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። ሁለተኛው፣ የሚጠየቀው የማጓጓዣ ኪራይ ትክክለኛ መሆኑ ወይም አለመሆኑ በምን ዘዴ እንደሚመዘን ነው። የዘመን አቆጣጠሩ በሌላ ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ ነው።

1ኛ፤ ጉዞ መሰረዝ ማለት ምን ማለት ነው

የኮንቴይነር መርከቦች እንደ ሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ በታወቀ መሥመርና በታወቀ ቀን እንዲመላለሱ የጊዜ ሰሌዳ ይወጣላቸዋል። ኩባንያው ከዚህ ሰሌዳ አንዱን ጉዞ ሙሉ በሙሉ ሲያስቀር፣ ወይም መርከቡ እየተጓዘ ሳለ አንዱን ወደብ ሳይነካ ሲያልፍ ጉዞው ተሰረዘ ይባላል። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላም አለ። መርከቡ በቀኑ ይመጣል፤ ነገር ግን ቦታው ሞልቷል ተብሎ የአንዱ ነጋዴ ኮንቴይነር ወደሚቀጥለው መርከብ ይዛወራል። ለባለ ጭነቱ የሁለቱም ውጤት አንድ ነው።

የመሰረዝ ምክንያቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የኩባንያው የራሱ ሒሳብ ነው። ጭነት ሲያንስ ግማሽ ባዶ መርከብ ከማንቀሳቀስ ይልቅ ሁለቱን ጉዞ አንድ ማድረግ ያዋጣዋል፤ በቻይና የአዲስ ዓመት በዓል ሰሞን ይህ በየዓመቱ የሚደረግ ነው፤ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜም በ2012 ዓ.ም. በብዛት ታይቷል። ሁለተኛው ከኩባንያው ፈቃድ ውጭ የሆነ አደጋ ነው። ከመጋቢት 14 እስከ 20 ቀን 2013 ዓ.ም. «ኤቨር ጊቭን» የተባለው መርከብ የስዊዝን ቦይ በዘጋ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ መርከቦች ቆመው ቀርተዋል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ስለጀመሩ፣ በታኅሣሥ ወር ትላልቆቹ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው እንዲሄዱ አዘዙ። ይህ መንገድ በሩቅ ምሥራቅና በአውሮፓ መካከል ከ3,000 የባሕር ማይል በላይ ይጨምራል። ጅቡቲ በባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ያለች ወደብ ስለሆነች፣ ከርሷ ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚሄድ ጭነት በዚያ ዙሪያ ቢላክ መንገዱ እጥፍ ያህል ይረዝማል። ሦስተኛው የኩባንያው መክሰር ነው። «ሃንጂን» የተባለው የኮሪያ ኩባንያ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በከሠረ ጊዜ መርከቦቹ ጭነት እንደያዙ ወደብ የሚቀበላቸው አጥተው በባሕር ላይ ሰንብተዋል።

እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አለመሆኑን አረጋውያን ነጋዴዎች ያውቃሉ። የስዊዝ ቦይ ከ1959 እስከ 1967 ዓ.ም. ስምንት ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ነበር፤ ያን ጊዜም የአውሮፓ ዕቃ አፍሪካን ዞሮ ይመጣ ነበር። እንግዲህ ነጋዴው የመርከብን መቅረት እንደ ተአምር ሳይሆን፣ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ እንደሚያስብለት ነገር ሊቈጥረው ይገባል።

2ኛ፤ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል

የዚህ መልስ የሚገኘው በመርከቡ ዘንድ ሳይሆን በሽያጩ ውል ላይ ነው። ቡናችን በአብዛኛው የሚሸጠው «ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ» በሚባለው ውል ነው። በዚህ ውል መርከቡን የሚመርጠውና የባሕሩን ኪራይ የሚከፍለው ገዥው ሲሆን፣ ሻጩ ዕቃውን ጅቡቲ አድርሶ በመርከቡ ላይ ይጭናል። ብዙ ሻጮች ሳያስተውሉት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣውና ከ2020 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በጸናው የንግድ ቃላት ትርጓሜ መሠረት፣ ገዥው የሰየመው መርከብ በጊዜው ያልመጣ ወይም ዕቃውን ያልወሰደ እንደሆነ፣ ከተወሰነው ቀን ጀምሮ ያለው ኀላፊነትና ተጨማሪ ወጪ በገዥው ላይ ይወድቃል። ይህ የሚሆነው ግን ዕቃው ለዚያ ውል የተለየ መሆኑ በግልጽ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ጆንያዎቹ ምልክት ተጽፎባቸው፣ ተቈጥረውና ተመዝነው ዝግጁ መሆናቸውን የሚያስረዳ ወረቀት በእጅ መኖር አለበት። የቡና ውሎች የራሳቸው ልዩ ደንብ ስላላቸው፣ ውሉ የሚጠቅሰውን ደንብ ማንበብ ከሁሉ ይቀድማል።

ሽያጩ «ሲ አይ ኤፍ» ወይም «ሲ ኤፍ አር» የሆነ እንደሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መርከብ የሚይዘውና ኪራይ የሚከፍለው ሻጩ ስለሆነ የጉዞው መሰረዝም፣ የኪራዩ መናርም የርሱ ዕዳ ነው። በዚህ ውል ለስድስት ወር የሚሸጥ ሰው ቡና ብቻ ሳይሆን የስድስት ወር የባሕር ኪራይም እንደሸጠ ይወቀው።

ሦስተኛው ወገን ባንክ ነው። ክፍያው በኤል ሲ የሚፈጸም ከሆነ፣ የጭነት መጨረሻ ቀን በሰነዱ ላይ ተጽፏል። በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 600 አንቀጽ 29 መሠረት፣ የኤል ሲው ማብቂያ ቀን ባንክ በተዘጋበት ቀን ቢውል ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተላለፋል፤ የጭነት መጨረሻ ቀን ግን በዚህ ምክንያት አይራዘምም። መርከቡ በመቅረቱ ባንኩ አይራራም፤ ባንክ የሚመለከተው ሰነድን እንጂ ባሕርን አይደለምና። የጭነት ቀን እንዲራዘም ገዥው ለባንኩ ማመልከት አለበት፤ ማሻሻያውም ኤል ሲውን የከፈተው ባንክ፣ ያረጋገጠ ባንክ ካለም እርሱ፣ እንዲሁም ተጠቃሚው ሻጭ ካልተስማሙበት አይጸናም።

መርከበኛውስ አይጠየቅም ወይ? የሚል ጥያቄ ይነሣል። የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ መርከበኛው ለተቀበለው ጭነት ያለበት ኀላፊነት ተደንግጓል። ነገር ግን ኩባንያዎቹ የሚሰጡት የቦታ ማረጋገጫ ብዙውን ጊዜ መርከብ ለመለወጥ፣ ቀን ለማዛወርና ወደብ ለመዝለል ሰፊ ፈቃድ የሚሰጣቸውን ቃል የያዘ ነው። ስለዚህ ካሳ ይገኛል ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ ወጪውን መቀነስ ይሻላል። ለገንዘቡ የሚያስከፋ ጉዳት የደረሰበት ሰው ግን ሰነዱን ይዞ የሕግ ዐዋቂ ያማክር።

3ኛ፤ ጉዞው በተሰረዘ ጊዜ የሚደረግ

መጀመሪያ ዕቃው የት እንዳለ መለየት ያስፈልጋል። ቡናው ገና አዲስ አበባ በመጋዘን ያለ እንደሆነ ነጋዴው ነፃ ነው፤ ሌላ ኩባንያ መፈለግ ይችላል። ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ ከሆነ ግን ኮንቴይነሩ የዚያው ኩባንያ ንብረት ስለሆነ፣ ወደ ሌላ ኩባንያ ለመዛወር አውጥቶ በሌላ ኮንቴይነር መጫን ይጠይቃል። ጅቡቲ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ይህ ሥራ የበለጠ ይከብዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያዋጣው የሚቀጥለውን መርከብ መጠበቅ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ኮንቴይነር ከመጫኑ በፊት ባለው ቀን የመርከቡን መምጣት ከወኪሉ ደግሞ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

ሁለተኛ፣ በዚያው ቀን ለሦስት ወገኖች በጽሑፍ ማስታወቅ ነው። እነርሱም ገዥው፣ ባንኩና ትራንዚተሩ ናቸው። በስልክ መነጋገር መልካም ነው፤ ነገር ግን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደተባለው ስልኩ በደብዳቤ ወይም በኢሜል መጽናት አለበት። ሦስተኛ፣ ለመርከቡ ወኪል ደብዳቤ ይጻፋል። ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን መጠቀም ይቻላል።

«ለ…… የመርከብ ወኪል። ጉዳዩ፤ ስለተሰረዘ ጉዞ። በቁጥር …… በተሰጠን የቦታ ማረጋገጫ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ቡና በ…… ቀን እንዲጫን ተስማምተን ነበር። ጉዞው መሰረዙን በ…… ቀን አስታውቃችሁናል። ስለዚህ አንደኛ፣ የመሰረዙን ምክንያትና ቀን የሚገልጽ ማስረጃ በጽሑፍ እንድትሰጡን፤ ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው መርከብ ቦታችን እንዲጠበቅና የመርከቡ ስም እንዲገለጽልን፤ ሦስተኛ፣ ኪራዩ በቀድሞው ዋጋ እንዲጸና፤ አራተኛ፣ መዘግየቱ በእኛ ምክንያት ያልደረሰ ስለሆነ የኮንቴይነሩ ነፃ ቀናት በዚያው ልክ እንዲራዘሙልን እንጠይቃለን። የቀድሞውን ዋጋ የማትቀበሉ ከሆነ የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስልን እናሳስባለን።»

ከአራቱ ጥያቄዎች ሁሉ የሚረሳው የመጨረሻው ነው። ኮንቴይነር ከነፃ ቀናቱ አልፎ በወደብ ሲቈይ ዲመሬጅ ይቈጠራል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ካልቀረበ ቈጣሪው በራሱ አይቆምም። የመጀመሪያው ጥያቄ ማስረጃም ቀላል አይደለም፤ ገዥውንና ባንኩን ለማስረዳት የሚያገለግለው እርሱ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ዕቃው ደኅንነት መጠንቀቅ ነው። በደንብ የደረቀ ቡና ከ12 በመቶ ያልበለጠ እርጥበት ይኖረዋል። በጅቡቲ ሙቀት ለሳምንታት የቆመ ኮንቴይነር ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ጊዜ ከቡናው የወጣው እንፋሎት በጣራው ላይ ውሃ ሆኖ ወደ ጆንያው ይንጠባጠባል። የደቡብ ምዕራብ አገራችን ዝናም የሚበዛበት ስለሆነ፣ በጥድፊያ ደርቆ የተላከ ቡና በዚህ መዘግየት ይሻግታል። ስለዚህ ኮንቴይነሩን በውስጥ በወረቀት መሸፈንና እርጥበት የሚስብ ከረጢት ማንጠልጠል፣ ከሁሉ በፊት ግን በሚዛንና በቴፒ አልጋ ላይ ቡናውን በሚገባ ማድረቅ ይገባል። የበበቃም ሆነ የቴፒ ቡና ስም የሚጠበቀው በዚህ ነው።

በዚህ ላይ ለነጋዴዎችም የሚነገር አለ። አንዳንዱ ቦታ አጣለሁ ብሎ ለአንድ ጭነት በሁለትና በሦስት ኩባንያ ቦታ ይይዛል፤ በኋላም አንዱን ብቻ ይጠቀማል። ኩባንያዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ከመርከባቸው አቅም በላይ ቦታ ይሰጣሉ። ሁሉ በመጣ ቀን የሚቀረው ታዲያ ብዙ ጊዜ አነስተኛው ላኪ ነው።

4ኛ፤ ትክክለኛ ኪራይ እንዴት ይታወቃል

ኪራይ ውድ ወይም ርካሽ መሆኑ የሚታወቀው በጠቅላላው ቍጥር ሳይሆን በዕቃው ላይ ተካፍሎ ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ብዙ ጊዜ 320 ጆንያ ቡና ይይዛል፤ ጆንያው 60 ኪሎ ስለሆነ ጠቅላላው 19,200 ኪሎ ይሆናል። ይህም በፓውንድ 42,329፣ በፈረሱላ (አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ሲሆን) 1,129 ያህል ነው። የውጭ ገበያ ቡናን የሚያስበው በፓውንድ በአሜሪካ ሳንቲም ስለሆነ የሚከተለውን መያዝ ይጠቅማል፤ በፓውንድ አንድ ሳንቲም ማለት በኮንቴይነር 423 ዶላር ማለት ነው። እንግዲህ ኪራይ በ1,000 ዶላር ቢጨምር በፓውንድ 2.4 ሳንቲም ያህል፣ በፈረሱላ ደግሞ 89 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል መጨመሩ ነው። ገዥ «ኪራይ ስለተወደደ ከዋጋው አሥር ሳንቲም ቀንስ» ቢል፣ ሻጩ ጭማሪው በእውነት ከ4,200 ዶላር በላይ መሆኑን ጠይቆ ይረዳ።

መዘግየትም እንደ ኪራይ ይታሰባል። ለምሳሌ ቡናው በፓውንድ 3 ዶላር የተሸጠ ነው እንበል፤ የኮንቴይነሩ ዋጋ 126,987 ዶላር ይሆናል። ገንዘቡ በዓመት 15 በመቶ ወለድ የተበደሩት ቢሆን፣ የ14 ቀን መዘግየት 730 ዶላር ያህል ያስወጣል። ይህም በፓውንድ 1.7 ሳንቲም ነው። ስለዚህ በ500 ዶላር የሚረክስ ነገር ግን ሁለት ሳምንት የሚዘገይ መርከብ ርካሽ አይደለም።

የዋጋ ማቅረቢያ በተቀበሉ ጊዜ ደግሞ የሚከተሉትን መመርመር ይገባል።

ሀ/ መሠረታዊው ኪራይ ስንት ነው? በርሱ ላይ የነዳጅ ጭማሪ፣ የጦርነት አደጋ ጭማሪ፣ የወደብ ማንሻና ማውረጃ፣ የሰነድ ክፍያ ተካቷል ወይስ ለብቻው ይመጣል? አንዱ ወኪል ሁሉን ጠቅልሎ፣ ሌላው መሠረታዊውን ብቻ ቢነግርዎ ሁለቱ አይወዳደሩም።

ለ/ ዋጋው እስከ መቼ ይጸናል? የሚጸናው ቦታ በተያዘበት ቀን ነው ወይስ መርከቡ በሚነሣበት ቀን? ጉዞ ቢሰረዝ ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ሐ/ ነፃ ቀናት ስንት ናቸው? መርከቡ በቀጥታ ይሄዳል ወይስ በሌላ ወደብ ጭነት ያዛውራል? በየማዛወሪያው የመዘግየት ዕድል ይጨምራልና።

መ/ የዓለም ገበያ ወዴት ያዘነብላል? ድሩሪ የተባለው የለንደን ድርጅት በየሳምንቱ የሚያወጣው የኮንቴይነር ዋጋ መለኪያ ለዚህ ይረዳል። በፈረንጅ 2019 ዓ.ም. ለባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አማካዩ 1,420 ዶላር ነበር፤ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ግን 10,377 ዶላር ደረሰ፤ በኋላም ወርዷል። መለኪያው የተሠራው በታላላቅ መሥመሮች ዋጋ ስለሆነ የጅቡቲን ኪራይ በቀጥታ አይነግረንም። ነገር ግን የዓለም ዋጋ ለወራት ሲወርድ የእኛ ወኪል በቀድሞው ዋጋ ቢጸና ምክንያቱን ለመጠየቅ ያበቃናል።

ቢያንስ ከሦስት ወኪሎች በጽሑፍ ዋጋ መቀበል፣ በአንድ መዝገብም ቀኑን፣ መሥመሩንና ጠቅላላ ዋጋውን መመዝገብ ከሁሉ ይበልጣል። ይህን መዝገብ ሁለት ዓመት የያዘ ቤት ከማንም ወኪል ጋር በዕውቀት ይከራከራል። አነስተኛ ላኪዎችም መዝገባቸውን ቢያስተያዩና ጭነታቸውን በአንድነት ቢያቀርቡ የተሻለ ዋጋ ለመደራደር ይችላሉ።

5ኛ፤ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

ባሕሩ ሲታወክ በየሱቁ «ዕቃ የተወደደው በመርከብ ነው» ይባላል። ቃሉ አንዳንድ ጊዜ እውነት፣ አንዳንድ ጊዜም ሰበብ ነው። የሚለየውም በሒሳብ ነው። 1,000 ካርቶን የሚይዝ ኮንቴይነር ኪራዩ ከ2,000 ወደ 5,000 ዶላር ቢወጣ ለአንድ ካርቶን የሚጨመረው 3 ዶላር ነው። ካርቶኑ 15 ዶላር የሚያወጣ የፕላስቲክ ዕቃ ከሆነ ጭማሪው 20 በመቶ ነው፤ 300 ዶላር የሚያወጣ የመኪና መለዋወጫ ከሆነ ግን 1 በመቶ ብቻ ነው። በሁለቱም ላይ እኩል አንድ አምስተኛ የሚጨምር አከፋፋይ በሁለተኛው ላይ ኪራይን ሰበብ አድርጓል።

ሁለት ነገሮች ግን በሐቅ ይጨመራሉ። አንደኛ፣ የጉምሩክ ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ ኪራይና ኢንሹራንስ ተደምሮ ስለሆነ፣ ኪራይ ሲጨምር ቀረጡም አብሮ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ኪራይ የሚከፈለው በውጭ ገንዘብ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ኪራዩ በዶላር ባይለወጥም በብር ይለወጣል። ስለዚህ ባለሱቁ ከአከፋፋዩ ሲገዛ ዕቃው የገባው መቼ እንደሆነ ይጠይቅ። ኪራይ ከመናሩ በፊት የገባን ዕቃ በአዲሱ ኪራይ ስም ማስወደድ ተገቢ አይደለም፤ ባለሱቁም በበኩሉ ኪራይ ሲወርድ ለደንበኛው መቀነስን አይርሳ።

ከውጭ ዕቃ የሚጠብቅ ባለሱቅ ለበዓል የሚሸጠውን በበዓል ዋዜማ እንዲደርስ ማዘዝ የለበትም። አንድ ጉዞ ቢሰረዝ ሁለትና ሦስት ሳምንት ስለሚያልፍ፣ ያንን ያህል ቀን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ቀብድ ሲሰጥም ዕቃው የሚደርስበትን ቀንና ከዘገየ ቀብዱ የሚመለስበትን ሁኔታ በውሉ ላይ ያስጽፍ።

በደቡብ ምዕራብ ያሉ አቅራቢዎችም ከላኪ ጋር ሲዋዋሉ አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ይኸውም ክፍያው የሚፈጸመው ቡናው በተረከበ ቀን ነው ወይስ መርከብ በተጫነ ቀን? የሚለው ነው። ሁለተኛው ከሆነ የባሕሩን አደጋ በከፊል ተሸክመዋልና፣ በዋጋው ላይ እንዲታሰብላቸው ወይም ክፍያው ከተወሰነ ቀን እንዳያልፍ ተብሎ እንዲጻፍላቸው ይጠይቁ። ላኪውም ጉዞ መሰረዙን በሰማ ቀን ለአቅራቢው ማስታወቅ ይገባዋል። አቅራቢው እውነቱን በጊዜ ከሰማ ለገበሬው የሚለውን ያውቃል፤ ለሚመጣው መኸርም በመካከላቸው ያለው እምነት ሳይጐድል ይቈያል።